ገዳዩ ነው ወይስ ቀላሉ? የዶሮ ቫይረስ ጉዳት እንዴት እንደሚለካ

እንደምን ዋላችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የዶሮ ቤት ውስጥ በሽታ ገብቶ ዶሮዎች መሞት ሲጀምሩ፣ ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ሲደርስና «ቫይረሱ ተገኝቷል» የሚል መልስ ሲመጣ፣ ባለቤቱ ወዲያው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ገዳዩ ነው ወይስ ቀላሉ?

በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም የቫይረሱ ስም ብቻውን ብዙም አይነግረንም። የፈንግል ቫይረስ ስንል ሙሉ መንጋ በጥቂት ቀናት የሚጨርሰውንም እያልን ነው፣ በመጠጥ ውሃ በጥብጠን ለክትባት የምንሰጠውንም እያልን ነው። ላሶታ የሚባለውን ክትባት የምታውቁት ትኖራላችሁ፤ ውስጡ ያለው ሕይወት ያለው የፈንግል ቫይረስ ነው። የወፍ ጉንፋንም እንደዚያው ነው። አንዱ ዝርያ ዶሮዋን ትንሽ አስነጥሷት እንቁላሏን ቀንሶ ያልፋል። ሌላው ደግሞ ማታ ደህና የነበረውን መንጋ ጠዋት ላይ ሬሳ አድርጎ ያሳያችኋል። ስማቸው አንድ ነው፣ ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ታዲያ እንዴት ነው የምንለያቸው? ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው። ልምምድ ላይ ያላችሁ የእንስሳት ሐኪሞች የአሠራሩን ዝርዝር ትፈልጋላችሁ፣ አርቢዎች ደግሞ ውጤቱን እንዴት ማንበብ እንዳለባችሁ ማወቅ ትፈልጋላችሁ። ለሁለታችሁም የሚሆን ነገር አለኝ። ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር፣ ምክንያቱም የንግግሬ ዋና ነገር እሱ ነው። «ይህ ቫይረስ ገዳይ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። ለየትኛዋ ወፍ? በስንት ዕድሜዋ? በየት በኩል ገብቶ? እነዚህ ካልተመለሱ ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ ገዳይ የወፍ ጉንፋን የምንለውን በሽታ ኤድዋርዶ ፔሮንቺቶ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ በ1878 ጻፈበት። በ1901 በሽታ አምጪው ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ ውስጥ እንደሚያልፍ ታወቀ፣ ማለትም ቫይረስ ነው። ኢንፍሉዌንዛ መሆኑ የታወቀው ግን በ1955 ነው። ፈንግል ደግሞ በ1926 በጃቫ ደሴትና በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ ሲከሰት ነው በሳይንስ መዝገብ የገባው። ኒውካስል በሽታ የሚለው ስም የመጣውም ከዚያ ነው። ያኔ የታዩት ሁለቱም በሽታዎች እጅግ ገዳይ ስለነበሩ «ምን ያህል ይገድላል?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሁሉንም ነበር የሚገድሉት። ጥያቄው የመጣው በኋላ፣ ምንም በሽታ ካልታየባቸው ዶሮዎች ያው ቫይረስ ሲገኝ ነው። ያኔ መለኪያ አስፈለገ።

መለኪያዎቹን ከቀላሉ ልጀምር። የመጀመሪያው የሚሠራው በእንቁላል ውስጥ ነው። ፅንሱ ከ9 እስከ 11 ቀን የሆነው እንቁላል ይወሰድና ቫይረሱ በተለያየ መጠን ተበርዞ ይወጋል። ከዚያ በየጊዜው በእንቁላሉ ላይ ብርሃን እያበሩ ፅንሱ መሞቱን ማየት ነው። የሚፈለገው ፅንሶቹን ሁሉ መግደል የቻለው ትንሹ መጠን በአማካይ በስንት ሰዓት እንደገደላቸው ነው። ለፈንግል ድንበሩ እንዲህ ነው። ከ60 ሰዓት በታች ከገደለ ኃይለኛ፣ ከ60 እስከ 90 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ90 ሰዓት በላይ ከወሰደበት ቀላል ይባላል። ቆንጆና ርካሽ ዘዴ ነው። ግን እንቁላል ውስጥ ያለ ፅንስ የሚተነፍስ ሳንባ የለውም፣ ቀዝቃዛ አየር አይመታውም፣ የራሱ የዳበረ የመከላከያ ኃይልም የለውም። ለመጀመሪያ ግምት ጥሩ ነው፤ ውሳኔ ላይ ለመድረስ ግን አይበቃም።

ስለዚህ ወደ ጫጩት እንሂድ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ፈንግል «ገዳይ» ተብሎ ለዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ሪፖርት የሚደረገው በዚህ ምርመራ መሠረት ነው። ባለሙያዎች አይ ሲ ፒ አይ ይሉታል። ቫይረሱ በቀጥታ ወደ ጫጩቷ አንጎል የሚሰጥበት ምርመራ ነው።

መጀመሪያ ቫይረሱ በእንቁላል ውስጥ ይራባል፣ ፅንሱን ከከበበው ከረጢት ፈሳሹ ይቀዳል። ፈሳሹ በቂ ቫይረስ እንዳለበት በቀይ የደም ሴል ይፈተሻል። ከዚያ አንድ እጁ በዘጠኝ እጅ ንጹሕ የጨው ውሃ ይበረዛል። አንቲባዮቲክ አይጨመርበትም፣ ስለዚህ ባክቴሪያ እንዳልገባበት አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ ከ24 እስከ 40 ሰዓት የሆናቸው 10 ጫጩቶች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው 0.05 ሚሊ ሊትር ይወጋል። በጣም ትንሽ ጠብታ ናት።

ጫጩቶቹ ከየትም የመጡ መሆን የለባቸውም። እናቶቻቸው ከተለዩ በሽታ አምጪዎች ነፃ ሆነው በጥብቅ ጥንቃቄ ያደጉ መሆን አለባቸው። ለምን? የተከተበች ወይም ታማ የዳነች ዶሮ ፀረ እንግዳ አካሏን በእንቁላሉ አስኳል በኩል ለልጇ ታወርሳለች። እንዲህ ዓይነቷ ጫጩት ገዳይ ቫይረስ ተሰጥቷት ላትሞት ትችላለች፣ እኛም «ቀላል ነው» ብለን እንጽፋለን። ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ ስህተት ይመስላል። መሬት ላይ ግን ገዳይ ቫይረስ «ቀላል» የሚል ስም ተሸክሞ ከቦታ ቦታ ይዞራል ማለት ነው። ምርመራው ሲሠራ ከምንም በላይ የምጨነቀው ለዚህ ነው፤ ጫጩቶቹ ከየት መጡ?

ከዚያ በየ24 ሰዓቱ ለ8 ቀን ይታያሉ። ደህና ለሆነች 0፣ ለታመመች 1፣ ለሞተች 2 ይሰጣል። የሞተች ጫጩት እስከ 8ኛው ቀን ድረስ በየቀኑ 2 ይያዝላታል። እዚህ ጋ ብዙ ተማሪ ይደናገራል፣ «ከሞተች በኋላ ለምን ይቆጠራል?» ይላል። ምክንያቱ ፍጥነትን ለመያዝ ነው። በ2ኛው ቀን የገደለ ቫይረስና በ7ኛው ቀን የገደለ ቫይረስ እኩል ነጥብ ማግኘት የለባቸውም።

በምሳሌ እንየው፣ ቁጥሩን ለማሳያ እኔ ያወጣሁት ነው። በ1ኛው ቀን 10ሩም ደህና ናቸው፣ ነጥቡ 0። በ2ኛው ቀን 4ቱ ታመሙ፣ ነጥቡ 4። በ3ኛው ቀን 4ቱ ሞቱ፣ የቀሩት 6ቱ ታመሙ፣ 8 እና 6 ሲደመር 14። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ ሁሉም ሞተዋል፣ በቀን 20 ነጥብ፣ በ5 ቀን 100። ጠቅላላ ድምሩ 118 ይሆናል። 10 ጫጩት በ8 ቀን ማለት 80 ምልከታ ነው። 118 ለ80 ሲካፈል 1.475፣ ማለትም 1.48 ገደማ። ሊገኝ የሚችለው ትልቁ 2.0 ነው። የመጨረሻዎቹ ገዳዮች ወደ 2.0 ይጠጋሉ፣ ቀላሎቹ 0 አካባቢ ይቀራሉ። ድንበሩ 0.7 ነው። 0.7 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፈንግል ቫይረስ በዶሮ ላይ ከተገኘ ሪፖርት መደረግ ያለበት ገዳይ ነው። የምሳሌያችን ቫይረስ ያለ ምንም ክርክር እዚያ ውስጥ ነው።

አሁን አንድ ሰው ማንሳት ያለበትን ጥያቄ እኔው ላንሳው። በተፈጥሮ የትኛዋ ዶሮ ናት ቫይረስ አንጎሏ ውስጥ በመርፌ የሚገባባት? አንዷም። ቫይረሱ የሚገባው በአፍንጫ፣ በዓይን፣ በአፍ ነው፤ በአቧራ፣ በኩስ፣ በውሃ፣ በሰው ጫማና በዕቃ መጫኛ ሳጥን ይጓዛል። ታዲያ ይህ ምርመራ ምን ይለካል? የሚለካው የቫይረሱን የተፈጥሮ አቅም ነው፤ በሩን ሁሉ ከፍተንለት ምን ማድረግ እንደሚችል። በሩን ራሱ መክፈት መቻል አለመቻሉን አይነግረንም። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ለወፍ ጉንፋን ደግሞ ሌላ ምርመራ አለ፣ አይ ቪ ፒ አይ ይባላል። መርፌው የሚሰጠው በደም ሥር ነው። 6 ሳምንት ለሞላቸው 10 ዶሮዎች ለእያንዳንዳቸው 0.1 ሚሊ ሊትር ተሰጥቶ ለ10 ቀን ይታያሉ። ነጥቡ ከ0 እስከ 3 ነው፤ ደህና 0፣ የታመመች 1፣ በጠና የታመመች 2፣ የሞተች 3። በጠና ታማለች የሚባለው ከአንድ በላይ ምልክት ሲታይባት ነው። ትንፋሽ ማጠር፣ ድብት ማለት፣ ተቅማጥ፣ የፊትና የራስ እብጠት፣ አናቷ ላይና ከመንቆሯ ሥር ያለው ቀይ ሥጋ መጥቆር፣ የአንገት መጣመም ወይም መንቀጥቀጥ። ውጤቱ ከ1.2 በላይ ከሆነ ቫይረሱ በከፍተኛ ደረጃ ገዳይ ይባላል። ወይም ደግሞ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ያሉ ዶሮዎች በደም ሥር ተወግተው ቢያንስ 75 በመቶው ከሞቱ እዚያው ምድብ ውስጥ ይገባል።

የመግቢያው መንገድ ምን ያህል ነገር እንደሚቀይር የሚያሳይ አንድ ነገር እዚሁ ልንገራችሁ። የወፍ ጉንፋን ዓይነቶች የሚለዩት ከቫይረሱ ላይ ባሉት ኤችና ኤን በሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ቁጥር ነው። የኤች 10 ዓይነት የሆኑ አንዳንድ የወፍ ጉንፋን ቫይረሶች በደም ሥር ሲሰጡ ከ1.2 በላይ ውጤት አምጥተዋል። በቁጥሩ ከሄድን ገዳይ ናቸው። በአፍንጫ ሲሰጡ ግን ዶሮዎቹን እንደዚያ አልጎዷቸውም። ቫይረሱ በደም በቀጥታ ሲገባ ኩላሊት ላይ ደርሶ ኩላሊቱን ያበላሻል፣ ዶሮዋ በዚያ ትሞታለች። በራሱ መንገድ ሲገባ ግን ኩላሊት ጋ የሚደርስበት ኃይል የለውም። ቁጥሩ አልዋሸም፣ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። የጠየቅነው ግን መርፌ ስለተወጋች ዶሮ ነበር።

ታዲያ ቫይረስን ገዳይ የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት ወደ ቫይረሱ ቆዳ እንግባ። የወፍ ጉንፋንም ሆነ የፈንግል ቫይረስ ሴል ውስጥ ለመግባት የሚጠቀምበት ፕሮቲን ከላዩ ላይ አለው። ይህ ፕሮቲን ሲሠራ ገና ጥቅም ላይ አይውልም፣ አንድ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት። ያልተሞረደ ቁልፍ ይዞ የመጣ ሰው ቁልፉን ሞርዶ እስኪያስተካክል በሩ እንደማይከፈትለት አድርጋችሁ ውሰዱት። የሚቆርጠው ደግሞ ቫይረሱ ራሱ አይደለም፣ የዶሮዋ ኢንዛይም ነው።

ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። በቀላሎቹ ዝርያዎች መቆረጫው ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲኑ መገንቢያ፣ ትሪፕሲንን በመሰሉ ኢንዛይሞች ብቻ ነው የሚቆረጠው። እነዚህ ኢንዛይሞች በዋናነት በመተንፈሻና በአንጀት ውስጥ ነው ያሉት። ስለዚህ ቫይረሱ እዚያው ይወሰናል፤ ጉንፋን ያሲዛል፣ ተቅማጥ ያመጣል፣ ያልፋል። በገዳዮቹ ግን መቆረጫው ቦታ ላይ አርጂኒንና ላይሲን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች ተደርድረው ይገኛሉ። ይህን ድርድር ፉሪን የሚባል ኢንዛይም ይቆርጠዋል። ፉሪን ደግሞ የሌለበት የሰውነት ክፍል የለም ማለት ይቻላል። ልብ፣ አንጎል፣ ጣፊያ፣ ጉበት፣ የደም ሥር ግድግዳ፣ ቫይረሱ የትም ሄዶ ይራባል። ዶሮዋ የምትሞተው ከአንድ ቦታ በሽታ ሳይሆን ሁሉም አካሏ በአንዴ ስለሚፈርስ ነው።

ይህ ከታወቀ ወዲህ ሥራው ቀለለ። ዛሬ የቫይረሱን የዘረመል ቅደም ተከተል አንብቦ መቆረጫው ቦታ ምን እንደሚመስል ማየት በጣም ፈጣን ነው፣ ወፍ መግደልም አያስፈልግም። ለፈንግል ሕጉ ግልጽ ነው። ኤፍ በሚባለው ፕሮቲን ላይ ከ113ኛው እስከ 116ኛው ባለው ቦታ ቢያንስ ሦስት አርጂኒን ወይም ላይሲን ካለ፣ 117ኛው ላይ ደግሞ ፌኒልአላኒን ካለ፣ ቫይረሱ ገዳይ ተብሎ ይያዛል። ጫጩት መጠበቅ አያስፈልግም። ይህ ካልተገኘ ግን ነፃ ነው ብሎ መዝጋት አይቻልም፣ በጫጩት መረጋገጥ አለበት።

ለምን እንዲህ ጥብቅ ሆነ? ዘረመሉ ብቻውን ያሳሳተባቸው ጊዜያት ስላሉ ነው። ከሁሉም የሚገርመኝ በ1983 በአሜሪካ ፔንስልቬንያ የሆነው ነው። ሚያዝያ አካባቢ ኤች 5 ኤን 2 የሚባል የወፍ ጉንፋን በዶሮዎች ላይ ታየ፣ ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ከቤት ቤት ይዛመት ጀመር። ሰው ቀላል ነው አለ። ጥቅምት ላይ ያው ቫይረስ በድንገት ገዳይ ሆነ፣ የገባበት ቤት ውስጥ ያለውን አብዛኛውን ዶሮ ይጨርስ ጀመር። በመጨረሻ ለመቆጣጠር ወደ 17 ሚሊዮን ወፎች ተወገዱ።

ሳይንቲስቶች የሚያዝያውንና የጥቅምቱን ሲያነጻጽሩ መቆረጫው ቦታ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ! የሚያዝያው ቫይረስም ከመጀመሪያው የገዳይ ድርድር ነበረው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነበር። በሚያዝያው ቫይረስ ላይ አንድ የስኳር ሰንሰለት መቆረጫውን ሸፍኖ ኢንዛይሙ እንዳይደርስበት አድርጎት ነበር። አንዲት ትንሽ ለውጥ ያንን ሽፋን ስታነሳው ገዳዩ ወጣ። ስለዚህ ዘረመሉን ብቻ ያነበበ ሰው «ገዳይ ነው» ይል ነበር፣ ዶሮዋን ብቻ ያየ ሰው ደግሞ «ቀላል ነው» ይል ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ግን ሊመጣ ያለውን አደጋ ማየት ይችል ነበር። ለእኔ ሁለቱም ምርመራዎች ጎን ለጎን የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው፤ አንዱ የቫይረሱን አቅም ያሳያል፣ ሌላው ዛሬ እየሠራ ያለውን ያሳያል።

ተመሳሳይ ታሪክ በቺሊ በ2002 አለ። ኤች 7 ኤን 3 የሚባል ቀላል ቫይረስ ከራሱ ሌላ ዘረመል ላይ ቁራጭ ወስዶ መቆረጫው ቦታ ላይ ሰካ። በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ገዳይ ሆነ። በአውስትራሊያ ደግሞ በ1998 የተነሳው ገዳይ ፈንግል ከውጭ የገባ አልነበረም፣ እዚያው አገር ለዓመታት ጉዳት ሳያደርስ ይኖር ከነበረ ቫይረስ ነው የወጣው። ለዚህ ነው ኤች 5 እና ኤች 7 የሆነ የወፍ ጉንፋን በዶሮ ላይ ሲገኝ ውጤቱ «ቀላል» ቢልም እንኳ ዝም ብሎ የማይታለፈው። የዛሬው ነጥብ ለነገው ዋስትና አይሰጥም።

የእርግብ ፈንግልም አለ። ከእርግቦች የሚገኘው የዚህ ቫይረስ ዓይነት መቆረጫው ቦታ ላይ የገዳይ ድርድር ይዞ ይገኛል፣ በጫጩት አንጎል ሲፈተሽ ግን ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው ያነሰ ነው። ከዶሮ ወደ ዶሮ ደጋግሞ ሲተላለፍ ግን ኃይሉ ይጨምራል። ዳክዬ ደግሞ ከሁሉም የባሰች ናት ለማሳሳት። ዶሮን በሁለት ቀን የሚገድል የወፍ ጉንፋን ብዙ ዳክዬዎች ውስጥ ምልክት ሳያሳይ ሊኖር ይችላል። ሁሉም ዝርያ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፣ ዳክዬንም የሚገድሉ አሉ። ግን አስቡት፣ አንድ ግቢ ውስጥ ዳክዬና ዶሮ አብረው ካሉ ዳክዬዋ ደህና መሆኗ ስለ ቫይረሱ ምንም አይነግራችሁም። መደበኛው ምርመራ በዶሮ የሚሠራው፣ የሚጠየቀው ስለ ዶሮ ስለሆነ ነው።

አሁን ቅድም ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ልመለስ። በተፈጥሮ መንገድ የሚሠራ ሙከራም አለ። ዶሮዋ በአፍንጫና በዓይን የታወቀ የቫይረስ መጠን ይሰጣታል፣ ከዚያ ያልተሰጣቸው ዶሮዎች አብረዋት ይቀመጣሉ። በየቀኑ ከጉሮሮና ከኩስ መውጫ በጥጥ ናሙና ይወሰዳል። ይህ ሙከራ አንድ ቁጥር አይሰጥም፣ ብዙ ነገር ነው የሚሰጠው። ስንት ዶሮ ተያዘች? በስንተኛው ቀን ታመመች? ስንት ቀን ቫይረስ ረጨች? ጎረቤቷን አስያዘች ወይ? የሞቱት ሲከፈቱ የትኛው አካል ተጎድቷል? ለአርቢ የሚጠቅመው መልስ እዚህ ነው ያለው ብዬ አምናለሁ። ሁሉንም የሚገድል ግን የማይዛመት ቫይረስና ጥቂት የሚገድል ግን እንደ ልቡ የሚዛመት ቫይረስ ቢቀርቡልኝ፣ ለአካባቢው አርቢዎች የምፈራው ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ነው።

ሞት ብቻውን የጉዳት መለኪያ እንዳልሆነ ጉምቦሮ የሚባለው ሌላ የዶሮ ቫይረስ በሽታ በደንብ ያስተምረናል። ይህ ቫይረስ የሚያጠቃው ቡርሳ የሚባለውን፣ ከኩስ መውጫው በላይ ያለውን የመከላከያ ኃይል ፋብሪካ ነው። ብዙ ጊዜ ሞትና ሕመም የሚታየው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባሉት ላይ ነው። ከ3 ሳምንት በታች ያሉ ጫጩቶች ሲያዙ ላይታመሙ ይችላሉ። አይሞቱም፣ አይደበቱም። ቡርሳቸው ግን ሟምቷል። ከዚያ በኋላ የምትሰጧቸው ክትባት አይይዝም፣ ማንኛውም ተራ ባክቴሪያ ይጥላቸዋል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ የተገኙ አንዳንድ የጉምቦሮ ዝርያዎች ምንም ሳይገድሉ ቡርሳውን ብቻ የሚያሟሙ ነበሩ። በሞት ብቻ ብንለካቸው ነጥባቸው ዜሮ ይሆን ነበር። ስለዚህ ለጉምቦሮ ሲፈተሽ ዶሮዎቹ ይመዘናሉ፣ ቡርሳቸው ወጥቶ ለብቻው ይመዘናል፣ ከሰውነት ክብደት ጋር ይነጻጸራል፣ በማይክሮስኮፕም ይታያል። በነገራችን ላይ የዶሮዋ ዝርያም ለውጥ ያመጣል፤ እንቁላል ጣይ ዓይነቶቹ ከሥጋ ዶሮዎች ይበልጥ ይሞታሉ። አንዱን ዓይነት ተጠቅማችሁ ያገኛችሁትን ውጤት ሌላው ላይ አትጫኑ።

ማሬክ የሚባለው፣ ዶሮ ላይ ዕጢ የሚያመጣው የቫይረስ በሽታ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። የማሬክ ቫይረሶች የሚመደቡት ክትባቱን አልፈው ምን ያህል ዶሮ ላይ ዕጢ እንደሚያመጡ በማየት ነው። በ1970 አካባቢ የመጣው ክትባት ዶሮዋን ከዕጢው ይጠብቃታል፣ ቫይረሱን ከመያዝና ከመርጨት ግን አያግዳትም። ከክትባቱ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ቫይረሱ እየከፋ ነው የመጣው። በ2015 የወጣ ጥናት፣ ያልተከተቡትን ቶሎ በመግደል ራሳቸውን የሚያጠፉት በጣም ገዳይ ዝርያዎች በተከተቡ ዶሮዎች ውስጥ ረጅም ጊዜ መቆየትና መተላለፍ እንደሚችሉ አሳይቷል። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ክትባት ይቅር» የሚል ሰው እንዳይኖር። ክትባቱን የተወ አርቢ ዶሮዎቹን ነው የሚያጣው። እኔ ማለት የፈለግሁት፣ የተከተበ መንጋ ደህና መምሰሉ ውስጡ ያለው ቫይረስ ቀላል ነው ማለት እንዳልሆነ ነው። ለፈንግልም ይሠራል ይህ። የተከተበ መንጋ ውስጥ የገባ ገዳይ ፈንግል የእንቁላል መቀነስና ትንሽ ማስነጠስ ብቻ ሆኖ ሊታይ ይችላል፣ ቫይረሱ ግን ላልተከተበው ጎረቤት ያው ገዳይ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ላቦራቶሪው «ቀላል» ያለው ቫይረስ እናንተ ዶሮ ቤት ውስጥ ከሦስት ዶሮ አንዷን ሊገድል ይችላል። ላቦራቶሪ ውስጥ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ምግቡ የተመጠነ ነው፣ ሌላ በሽታ የለም። የዶሮ ቤቱ የታፈነ ከሆነ፣ የኩሱ ሽታ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ፣ ኢ ኮላይና ማይኮፕላዝማ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ቀድመው ከገቡ፣ ቀላሉ ቫይረስ በሩን ይከፍታል፣ ሌሎቹ ተከትለው ይጨርሳሉ። እንዲህ ሲሆን አርቢው «ላቦራቶሪው ተሳስቷል» ይላል። አልተሳሳተም። ሁለቱ የሚያወሩት ስለተለያዩ ዶሮዎች ነው።

ስለ ዶሮዎቹ ራሳቸውም ማውራት አለብኝ፣ ዘልዬው ማለፍ አልችልም። ይህ ምርመራ ሕይወት ያላቸው ፍጥረታትን ያሳምማል፣ ይገድላል። ስለዚህ ያለ በቂ ምክንያት መሠራት የለበትም። ዘረመሉ መልሱን ከሰጠ ጫጩት መወጋት የለባትም፣ በቃ። በተለያዩ ሀገራት ሕግም ሥራው በሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቀድ አይጀመርም። ምርመራው ግድ ከሆነም፣ መብላትና መጠጣት ያቃታት ዶሮ እስክትሞት መጠበቅ ክልክል መሆን አለበት። ሥቃይ በሌለው መንገድ እንድታርፍ ይደረግና በሚቀጥለው ምልከታ እንደሞተች ትቆጠራለች። ውጤቱ አይበላሽም። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ተጨማሪ ጣጣ ያየዋል፤ እኔ ግን በየ24 ሰዓቱ ብቻ ብቅ ብሎ የሞተ የሚቆጥር ሰው ጥሩ ተመራማሪ ነው ብዬ አላምንም። ቀረብ ብሎ ደጋግሞ የሚያይ ሰው ነው የበሽታውን ምልክት በደንብ የሚጽፈው፣ ዶሮዋም ያለ ጥቅም አትሠቃይበትም። ሥራው የሚሠራውም አየሩ ተጣርቶ በሚወጣበት፣ ሠራተኛው ታጥቦ በሚወጣበት የተዘጋ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ ነው። ገዳይ የወፍ ጉንፋን ሰውንም ይይዛል። በ1997 በሆንግ ኮንግ ኤች 5 ኤን 1 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን ገድሏል።

ለአርቢዎች የምለው ይህን ነው። ዶሮዎች ባልተለመደ ሁኔታ መሞት ሲጀምሩ ሬሳውን ራሳችሁ ከፍታችሁ አትዩ፣ አታርዱ፣ አትሽጡ፣ ወደ ጎረቤት አትውሰዱ። የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ናሙናው ገና ከሞተችው ወይም ምልክት ከሚታይባት ዶሮ ይወሰድ፣ በቅዝቃዜ ይቆይ፣ ቶሎ ይድረስ። ዶሮዎቹ መቼ፣ በምን ክትባት እንደተከተቡ አብራችሁ ጻፉ፤ ሕይወት ያለው ክትባት በቅርቡ ሰጥታችሁ ከሆነ ላቦራቶሪው የሚያገኘው ቫይረስ የክትባቱ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ «ገዳይ ነው ወይስ ቀላል» በሚለው ብቻ አትመለሱ። የተፈተሸው በዘረመል ነው ወይስ በወፍ? በወፍ ከሆነ ነጥቡ ስንት ነው፣ 0.7 ድንበሩ ላይ ነው ወይስ ሩቅ? ሌላ በሽታ አብሮ ተፈልጓል ወይ? የዶሮዎቻችሁ ዕድሜና ክትባት ከዚያ ውጤት ጋር ሲታይ ምን ይጠበቃል? እነዚህን ለመጠየቅ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም፣ መልስ የመስጠት ግዴታውም የባለሙያው ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ፣ በተለይ ስለ ነጥብ አሰጣጡ ያልገባችሁ ካለ እዚሁ ሰሌዳው ላይ አንድ ምሳሌ ደግመን እንሠራለን።